ላይቭ ሴት ላይ ያስቀመጥኩት ድምፅ ሌላ ሆኖ ወጣ (ሞድኤክስ6)

ሐይቅ ዳር | ሐዋሳ | እሑድ፣ ከቀኑ 9፡20

ሰላም ለሁላችሁ። ትናንት ሰርግ ላይ ነበርኩ። እስካሁን ልቤ አልተረጋጋም። እባካችሁ እርዱኝ።

መሣሪያዬ ያማሃ ሞድኤክስ6 ኪቦርድ ነው። ከገዛሁት 8 ወር ሆኖኛል። ለባንዳችን 24 ዘፈን አዘጋጅቼ ላይቭ ሴት (ሳጥን ሲነካ ድምፁን የሚጠራው ገጽ) ላይ ደርድሬያለሁ። አንድ ገጽ 16 ሳጥን ስላለው ሁለት ገጽ ይዞልኛል። የሙሽሮች መግቢያ ሦስተኛው ሳጥን ላይ ነው። በግራ እጅ ስትሪንግስ፣ በቀኝ እጅ ማሲንቆ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ደክሜበታለሁ።

ሙሽሮቹ በሩ ላይ ደረሱ። ዲጄው ዝም አለ። ሦስተኛውን ነካሁ። የወጣው የሬጌው ድምፅ ነው! ማሲንቆው የለም፤ በቦታው ኦርጋን ገብቷል። ስትሪንግሱም አንድ ኦክታቭ ወርዷል። ድምፃዊቷ ዞር ብላ አየችኝ። በፒያኖ ተክቼ እንደምንም ጨረስኩት። ማንም ምንም አላለኝም፤ እኔ ግን ያቺን ደቂቃ አልረሳትም።

ቤት ገብቼ ስሞክረው ሦስተኛውም አሥራ አንደኛውም ሳጥን አንድ ዓይነት ድምፅ ነው የሚያወጡት። ለየብቻ ነው ያስቀመጥኳቸው። ሐሙስ ማታ የሬጌውን ሳስተካክል ስቶር (አስቀምጥ) ብዬ ነበር። ሌላ የነካሁት ነገር የለም። ምን አጥፍቼ ነው?

ጥቁርና ነጭ | አዲስ አበባ | እሑድ፣ ከቀኑ 10፡05

አይዞህ ወንድሜ። መሣሪያህ ምንም አልሆነም። ይሄ ነገር ብዙዎቻችን ላይ ደርሷል።

ላይቭ ሴት ድምፁን ራሱን አይዝም። የሚይዘው የፐርፎርማንሱን (ለዘፈኑ የተቀናበረውን የድምፆች ጥቅል) አድራሻ ነው። የቤት ቁጥር ነው እንጂ ቤቱ አይደለም። ሦስተኛውም አሥራ አንደኛውም ሳጥን ላይ ያለው አንድ የቤት ቁጥር ነው። ሐሙስ ማታ ገብተህ የቤቱን ዕቃ ቀየርክ። ከዚያ በኋላ በየትኛውም ሳጥን ብትሄድ የምታገኘው አዲሱን ዕቃ ነው።

ልገምት። የሬጌውን ከባዶ አልጀመርከውም አይደል? የመግቢያውን ከፈትክ። የግራና የቀኝ እጅ አከፋፈሉ ስለተመቸህ ማሲንቆውን አውጥተህ ኦርጋን አስገባህ። ሺፍትና ላይቭ ሴትን አንድ ላይ ተጭነህ አሥራ አንደኛው ሳጥን ላይ አስቀመጥከው። ሐሙስ ማታ ስቶር ስትል ዝርዝሩ መጣ። ነባሩን ስም ነካህ፣ ልተካው ወይ ሲልህ አዎ አልክ። የመግቢያው ድምፅ የጠፋው እዚያ ላይ ነው።

ስቶር ስትል የመደመር ምልክት ያለባትን ሳጥን ፈልግና ንካ። እሷ ነባሩን ሳትነካ አዲስ ፐርፎርማንስ ትሠራልሃለች። ስም ስጠው። ሳጥኑ ላይ የምታስቀምጠው ከዚያ በኋላ ነው። ቦታ ያልቅብኛል ብለህ አትስጋ፣ የተጠቃሚው ክፍል 640 ፐርፎርማንስ ይይዛል።

ስም ላይም አትሰስት። የዘፈኑን ስም፣ ቶኑን፣ ከተቻለ የድምፃዊውን ስም የመጀመሪያ ፊደል ጻፍበት። «አዲስ 7» የሚል ስም ከሦስት ወር በኋላ ምንም አይነግርህም።

ሐይቅ ዳር | እሑድ፣ ከቀኑ 10፡31

ልክ እንዳልከው ነው ያደረግኩት። አንድም አልሳትክም። ሳጥኑ ቅጂ የሚይዝ ነበር የመሰለኝ።

ታዲያ የድሮውን መመለስ አይቻልም? ፍላሽ ላይ የያዝኩት ነገር የለም። ሌላም ጥያቄ አለኝ። እዚህ ሰሞኑን መብራት ይሄዳል። እየሠራሁ ሳለ ቢጠፋብኝ ምን እሆናለሁ?

ጥቁርና ነጭ | እሑድ፣ ከቀኑ 10፡50

የተተካው አይመለስም፣ ልዋሽህ አልፈልግም። እንደገና ትሠራዋለህ። ጆሮህ ስለሚያውቀው ግን ሁለት ሳምንት አይፈጅብህም፣ አንድ ማታ ይበቃሃል።

የመብራቱን በተመለከተ፣ ስቶር እስክትል ድረስ የሠራኸው ሁሉ ጊዜያዊ ቦታ ላይ ነው ያለው። መብራት ከሄደ አብሮ ይሄዳል። ሌላ ፐርፎርማንስ ብትከፍትም ያው ነው። የመጨረሻውን ያልተቀመጠ ሥራ የሚመልስ ሪኮል የሚባል ትእዛዝ አለ። ከሞቲፍ (የቀድሞው የያማሃ ኪቦርድ) ዘመን ጀምሮ የነበረ ነው፣ እዚያ በጆብ ሜኑ ውስጥ ታገኘዋለህ። እሱ ግን የሚያድንህ ሳታስቀምጥ ወደ ሌላ ድምፅ ስትዘል ነው። መብራት ሲጠፋ አይደርስልህም።

እኔ አንድ ለውጥ ወድጄው እሺ ባልኩ ቁጥር ስቶር እላለሁ። ማታ ስጨርስ ደግሞ ሴቭ። ሁለቱን ለይተህ ያዛቸው። በያማሃ አነጋገር ስቶር ማለት መሣሪያው ውስጥ ማስቀመጥ ነው። ሴቭ ማለት ደግሞ ወደ ፍላሽ በፋይል ማውጣት ነው። ስቶር ብቻ ካልክ ሥራህ ያለው አንድ ቦታ ነው። መሣሪያው ቢሰረቅ፣ ቢወድቅ፣ ውኃ ቢገባበት አለቀ። እየጻፈ እያለ ደግሞ እንዳታጠፋው፤ ዩፒኤስ ካለህ በሱ በኩል ሰካው።

ሠላሳ ሁለት | አዲስ አበባ | እሑድ፣ ማታ 1፡15

ልጆች፣ እኔም ልጨምር። ስሜን ያወጣሁት ከዲኤክስ7 ነው። በ1983 እ.ኤ.አ. የወጣው ያማሃ ነው። ውስጡ የሚይዘው 32 ድምፅ ብቻ ነበር። ካርትሪጅ ከሰካህ ሌላ 32። በቃ።

እነዚያ 32 ድምፆች በሕይወት የሚቆዩት በአንዲት ክብ ባትሪ ነው። ባትሪዋ ለዓመታት ታገለግላለች፣ ስትደክም ግን ሁሉንም ይዛ ትሄዳለች። አንድ ማታ መድረክ ላይ ስከፍተው ስሞቹ በሙሉ የማይነበቡ ፊደሎች ሆነው ጠበቁኝ። ካርትሪጁ በኪሴ ስለነበር ተረፍኩ። ከዚያን ቀን ወዲህ ሥራዬን አንድ ቦታ ብቻ አስቀምጬ አላውቅም።

ሌላ ጣጣም ነበረው። ሚሞሪ ፕሮቴክት የሚባል ቁልፍ ነበር። መሣሪያውን በከፈትክ ቁጥር ራሱ ይዘጋል። ድምፅ ለማስቀመጥ መጀመሪያ እሱን መክፈት አለብህ። ያኔ ያናድደኝ ነበር። አሁን ሳስበው ግን ጥሩ ጠባቂ ነበር። ሐይቅ ዳር ሐሙስ ማታ እንዲህ ያለ ጠባቂ ቢኖረው አንዴ ቆም ብሎ ያስብ ነበር።

ከሁሉም የከበደው ግን ይሄ ነው። የፒች ቤንዱ (ኖታውን የሚያጥፈው ጎማ) ስፋት፣ ፖርታሜንቶው (ከኖታ ወደ ኖታ መንሸራተቱ)፣ የሞዱሌሽን ጎማው የሚሠራው ሥራ ከድምፁ ጋር አይቀመጡም ነበር። ድምፅ ስትቀይር እነሱ እንደነበሩ ይቀራሉ። ለዋሽንት ሁለት ሴሚቶን የሚታጠፍ ቤንድ እፈልጋለሁ፤ ለሌላው ሊድ ደግሞ ሙሉ ኦክታቭ። በየዘፈኑ መሃል በእጄ ነበር የምቀይረው። ሁሉንም አንድ ላይ የሚይዝ ፐርፎርማንስ የመጣው በተከታዩ ሞዴል፣ በዲኤክስ7 ሁለት ነው። 64 ድምፅና 32 ፐርፎርማንስ። የዚያን ቀን ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም።

ለዚህ ስል ደብተር ያዝኩ። እስካሁንም አለኝ። ለአንድ ዘፈን አንድ ገጽ። እጅ የሚከፈልበት ኖታ፣ ኦክታቩ፣ ትራንስፖዙ፣ የቤንዱ ስፋት፣ የትኛው ድምፅ ምን ያህል እንደሚጮኽ። ፋይሉ ሁሉ ቢጠፋ ከደብተሩ አይቼ 20 ደቂቃ ውስጥ እሠራዋለሁ። ወጣቶቹ ፎቶ አንሱት ይሉኛል። ስክሪኑን በስልክ ማንሳትም ጥሩ ነው። ብቻ ያዙት።

ሐይቅ ዳር | እሑድ፣ ማታ 1፡40

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የቤንዱን ነገር ጨርሶ አስቤው አላውቅም ነበር። አሁን ከፍቼ ሳይ የማሲንቆዬ ቤንድ ከፐርፎርማንሱ ጋር ተቀምጧል። ደብተሩን ነገ እጀምራለሁ።

ሲልቨር ስፕሪንግ ኪስ | ሜሪላንድ | እሑድ፣ ማታ 4፡10 (በእናንተ ሰዓት)

ሰላም ከዚህ ማዶ። የአድራሻው ነገር የሞድኤክስ ብቻ እንዳይመስላችሁ።

እኔ ቤቴ ያለው ኮርግ ክሮኖስ ነው። ሴት ሊስቱ 128 ዝርዝር አለው፣ እያንዳንዱ 128 ሳጥን። ሳጥኑ የሚያመለክተው ኮምቢ (የድምፆች ጥቅል) ወይም ፕሮግራም (አንድ ድምፅ) ነው። ኮምቢው ደግሞ በተራው ፕሮግራሞችን ያመለክታል። ስለዚህ አንድ ፕሮግራም ላይ ፊልተሩን ብትቀይር እሱን የሚጠሩ ኮምቢዎች ሁሉ ይቀየራሉ። አንዱን የስትሪንግስ ፕሮግራም ነክቼ አሥር ዘፈን አበላሽቻለሁ። ሞቲፍም እንዲሁ ነው፤ ፐርፎርማንሱ ቮይሱን ከሌላ ቦታ ነው የሚጠራው። ሞንታዥና (የሞድኤክስ ታላቅ ወንድም) ሞድኤክስ ላይ ግን የእያንዳንዱ ፓርት (አብሮ የሚሰማ የድምፅ ክፍል) ድምፅ ፐርፎርማንሱ ውስጥ ነው የሚቀመጠው። በዚህ በኩል ሐይቅ ዳር ዕድለኛ ነህ፤ መጠንቀቅ ያለብህ አንድ ደረጃ ላይ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልግባ። እኛ እዚህ በጁላይ በኢትዮጵያውያን የእግር ኳስ ፌስቲቫል ሰሞን ከከተማ ከተማ እንዞራለን። መሣሪያ ይዤ አልበርም። አዘጋጁ ይከራይልኛል፣ እኔ የምይዘው ፍላሽ ብቻ ነው። አንድ ጊዜ የተከራየነው መሣሪያ ላይ የራሴን የተጠቃሚ ፋይል ጫንኩ። የእኔ ገባ። የባለቤቱ የዓመታት ሥራ ግን ጠፋ። የተጠቃሚ ፋይል ስትጭን ነባሩን ሙሉ በሙሉ ነው የሚተካው። ሰውዬውን ይቅርታ ስጠይቅ ያየሁት ፊቱ እስከ ዛሬ ይከብደኛል።

ስለዚህ የሰው መሣሪያ ላይ ስትጫወቱ መጀመሪያ ያለውን በሙሉ ወደ ፍላሽ ሴቭ አድርጉ። ስትጨርሱ መልሱለት። ሞንታዥና ሞድኤክስ ከሆነ ደግሞ ከዚህም የተሻለ መንገድ አለ። ሥራችሁን ቤት ሳላችሁ ላይብረሪ አድርጋችሁ አውጡት። ላይብረሪ ሲጫን የባለቤቱን የተጠቃሚ ክፍል አይነካም፣ በጎን ነው የሚቀመጥ። እስከ 8 ላይብረሪ ይይዛል። ስትሄዱ የራሳችሁን ብቻ ታጠፋላችሁ።

ፍላሹን ፋት32 አድርጋችሁ ፎርማት አድርጉት፣ ሁለትም ያዙ። አዲሱ ሞዴል የአሮጌውን ፋይል ሊያነብ ይችላል፣ አሮጌው ግን የአዲሱን አያነብም። ሞቲፍ ኤክስኤፍ የኤክስኤስን ያነባል፤ ወደ ኋላ ግን አይሆንም። ከመብረራችሁ በፊት የሚጠብቃችሁን ሞዴል ጠይቁ።

ዝማሬ | አዳማ | ሰኞ፣ ከጠዋቱ 3፡30

እኔ የቸርች ኪቦርዲስት ነኝ። መሣሪያችን የያማሃ ፒኤስአር-ኤስ970 ነው፣ የጋራ። አራት ሰው ይጫወትበታል። ሲልቨር ስፕሪንግ የነገርከን ነገር እኛ ጋ በየሳምንቱ ይደርስ ነበር። አንዱ የሠራውን ሌላው ሳያውቅ ይደመስስበታል። ተቀያይመን እናውቃለን።

መፍትሔው ቀላል ሆኖ ተገኘ። እያንዳንዳችን የራሳችንን የሬጅስትሬሽን ባንክ (በቁልፍ የሚጠሩ ቅንብሮች ስብስብ) በየራሳችን ፍላሽ እንይዛለን። መሣሪያው ውስጥ ማንም ምንም አያስቀምጥም። አንድ ባንክ 8 ቁልፍ አለው። ለአንድ እሑድ ይበቃል።

ሁለት ነገር ግን አስቸግሮኝ ነበር። የመጀመሪያው ፍላሹ ላይ ያሉ ስታይሎች (አጃቢ ሪትሞች) ናቸው። ሬጅስትሬሽኑ ስታይሉን አይቀዳውም፣ ያለበትን ፎልደር ነው የሚያስታውሰው። ፎልደሮቼን ላስተካክል ብዬ ስማቸውን ቀየርኩ። እሑድ ጠዋት ቁልፉን ስጫን ድምፁ ይመጣል፣ ስታይሉ ግን የድሮው ላይ እንደቆመ ነው። አሁን ባንኩን ከሠራሁ በኋላ የፎልደር ስም አልነካም።

ሁለተኛው ትራንስፖዝ ነው። ዘማሪዋ ጉንፋን ይዟታል፣ በአንድ ቶን አውርጅልኝ አለችኝ። አወረድኩ። ለድልድዩ ቁልፍ ቁጥር 2ን ስጫን ትራንስፖዙ ወደ ዜሮ ተመለሰ፤ ቤት ሳስቀምጠው ዜሮ ላይ ስለነበረ ነው። በመሃል ዘለልን። ለዚህ ፍሪዝ የሚባል ቁልፍ አለ። ትራንስፖዝን ፍሪዝ ካደረጋችሁት የትኛውንም ሬጅስትሬሽን ብትጠሩ እሱ ንቅንቅ አይልም። ቴምፖንም እንዲሁ ማድረግ ይቻላል። እኔ አሁን ወደ መድረክ ስወጣ ፍሪዙ በርቶ ነው።

ችክችካ 6/8 | አዲስ አበባ | ሰኞ፣ ከቀኑ 7፡00

እህቴ ዝማሬ፣ የፍሪዙን ነገር ስላነሳሽው ተባረኪ። ስንቱን ሰው ታድኚበታለሽ።

እኔ ግን ከሐይቅ ዳር አደራደር ጋር አልስማማም። 24 ዘፈን በተራ መደርደር ለኮንሰርት ነው። ሰርግ በዝርዝር አይመራም። ድምፃዊው ሕዝቡን አይቶ ነው የሚዘፍነው። ከጉራግኛ ወደ ኦሮምኛ ይዘላል፣ ከዚያ ትግርኛ፣ ከዚያ ተመልሶ እስክስታ። 14ኛውን ሳጥን ስትፈልግ ዘፈኑ አልፎሃል።

ገጹን በዘፈን ሳይሆን በጭፈራ ዓይነት ከፋፍለው። አንዱ ገጽ ችክችካ፣ አንዱ ጉራግኛ፣ አንዱ ለትዝታና ለዝግታ፣ አንዱ ሬጌ። በየገጹ ደግሞ ቦታው አንድ ይሁን። የላይኛው ግራ ሁልጊዜ ዋናው ሊድ፣ ከጎኑ ብራስ፣ ከሱ ጎን ስትሪንግስ፣ ታች ቀኝ ጥግ ሁልጊዜ ንጹሕ ፒያኖ። ፒያኖው መሸሸጊያህ ነው። ነገር ሲበላሽ ጣትህ ሳታይ እዚያ ይሄዳል። ቅዳሜ በፒያኖ ተክቼ ጨረስኩት ያልከው እኮ ትክክለኛ እርምጃ ነው። መንገዱ ግን አስቀድሞ የተዘጋጀ ይሁን።

የድምፅ መጠንም አትርሳ። ቤት በሄድፎን ስትሠራ ሁሉም እኩል ይመስላል። መድረክ ላይ ብራሱ ሰው ያስደነግጣል፣ ዋሽንቱ አይሰማም። ልምምድ ቦታ በትልቅ ስፒከር አንድ በአንድ እያጫወትክ አመጣጥን። ሪቨርቡን (ማስተጋባቱን) በግማሽ ቀንስ፣ አዳራሹ ራሱ ሪቨርብ አለው። ከዚያ ስቶር በል።

ሞድኤክስ ላይ ከአንዱ ፐርፎርማንስ ወደ ሌላው ስትሄድ ድምፁ ሳይቆረጥ እንዲሻገር ከፈለግክ ከ4 ፓርት አትለፍ። ከዚያ በላይ ሲሆን የያዝከው ድምፅ ይቆረጣል። ላይቭ ሴቱን ወደፊት የሚገፋ የእግር ፔዳልም መመደብ ትችላለህ። እጅህ ነፃ ይሆናል።

ፒኤስአር ላላችሁ ደግሞ አንድ ነገር። አንቺሆዬ ስጫወት አንዳንዱን ኖታ በስኬል ቱን (የኖታ መቃኛው) ጥቂት ሴንት ዝቅ አደርገዋለሁ፣ ወደ ማሲንቆው እንዲጠጋ። ቅንብሩ ግን የሚታሰረው በኖታው ስም ነው። ከሲ ወደ ዲ ብትሻገሩ ዝቅ ያለው ኖታ አብሯችሁ አይሄድም፣ ሌላ ቦታ ላይ ይጮህባችኋል። ለእያንዳንዱ ቶን የየራሱ ሬጅስትሬሽን ይኑራችሁ። እኔ ለሲ፣ ለዲና ለኤፍ ሦስት ቁልፍ ይዣለሁ።

ሐይቅ ዳር | ሰኞ፣ ማታ 2፡20

ችክችካ፣ መጀመሪያ ላይ ትንሽ ከብዶኝ ነበር፣ 24ቱን ለመደርደር የደከምኩትን ሳስብ። ግን እውነትህን ነው። ቅዳሜ ራሱ በተራ የሄዱት የመጀመሪያዎቹ አምስቱ ብቻ ናቸው። አፍርሼ እየሠራሁት ነው።

አንድ ነገር ልጠይቅ። የማሲንቆው ድምፅ ጓደኛዬ ቀድቶ የሰጠኝ ሳምፕል ነው። መሣሪያው ሲጠፋ ሳምፕሉ ይቆያል?

ጥቁርና ነጭ | ሰኞ፣ ማታ 2፡45

ሞድኤክስ ላይ ይቆያል። ለተጠቃሚው የተተወ 1 ጊጋባይት ፍላሽ ሚሞሪ አለው። ሞቲፍ ኤክስኤፍ ላይ ግን ተጨማሪ ፍላሽ ቦርድ ካልተገጠመለት ሳምፕሉ መሣሪያው በጠፋ ቁጥር ይጠፋል። ፐርፎርማንሱ አለ፣ ስሙ አለ፣ ስትነካው ግን ዝም ይላል። ባለሞቲፎች በየሥራው መጀመሪያ እንደገና ከፍላሽ ይጭናሉ። ትልቅ ፋይል ከሆነ ደቂቃዎች ይወስዳል፣ ቀደም ብሎ መድረስ ያስፈልጋል።

የሳምፕሉን ዋና ፋይል ግን ኮምፒውተርህ ላይም አስቀር።

ሐይቅ ዳር | እሑድ፣ ከቀኑ 8፡00

ከሳምንት በኋላ ተመልሻለሁ። ትናንት በድንኳን የተሠራ ሰርግ ነበር። አራት ገጽ፣ ገጹ በጭፈራ ዓይነት። ሁለት ፍላሽ በኪሴ፣ ደብተሩ ሚክሰሩ ላይ።

መግቢያው ላይ ማሲንቆው ወጣ። ድምፃዊቷ ዞር ብላ አየችኝ፣ የትናንቱ አስተያየት ግን ሌላ ነበር። በጉራግኛው መሃል መብራት ሄደ። ከበሮውና ጭብጨባው ይዞት ቆየ። ጄኔሬተሩ ሲነሳ መሣሪያው ተከፍቶ ላይቭ ሴቱን አመጣልኝ፣ የላይኛውን ግራ ነክቼ ከከበሮው ጋር ገባሁ። አንድም ነገር አልጎደለም።

አንድ ችግር ብቻ አለኝ። ድንኳኑ ውስጥ ማሲንቆው ሳሳብኝ። አዳራሽ ውስጥ ጥሩ ነበር። ለድንኳን ሌላ ልሥራ ወይስ እዚያው ላስተካክል?

ችክችካ 6/8 | እሑድ፣ ከቀኑ 8፡25

እንኳን ደስ ያለህ! ለድንኳን ሌላ ሥራ። ድንኳን ድምፁን አይመልስልህም፣ ስለዚህ ሪቨርቡን መልሰህ ጨምርለት፣ መሃለኛውንም ትንሽ ከፍ አድርገው። ስሙ ላይ «ድንኳን» ብለህ ጻፍ። ስቶር ስትል ደግሞ የመደመሯን ምልክት።

ሐይቅ ዳር | እሑድ፣ ከቀኑ 8፡31

የመደመሯን ምልክት። አሁን እየነካኋት ነው።